የአሮጌ ሞተር ወንበር ስትቀይሩ ከታች ጀምሩ

የሞተር ወንበር ትዝ የሚለን ልብሱ ሲቀደድ ነው። ስፌቱ ይፈታል፣ የሐምሌ ዝናብ ይገባል፣ ስፖንጁ ውሃውን ይጠጣል። ጠዋት ሥራ ቦታ ስንደርስ ሱሪያችን ጉድ አድርጎናል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ወንበር ልብስ ሰፊ! ቀለም እንመርጣለን፣ ክሩ ቀይ ይሁን ነጭ ይሁን እንከራከራለን። ልብሱ አምሮበት ይወጣል። ጥቂት ወር ቆይቶ ወንበሩ ከስር ቋ ቋ ማለት ይጀምራል፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ወገባችንን ይለዋል።

ስህተቱ ከላይ መጀመሩ ላይ ነው። ወንበር ሦስት ነገር ነው፤ ከስር ላሜራ (በአንዳንዱ ሞተር ፕላስቲክ)፣ መሃል ላይ ስፖንጅ፣ ከላይ ልብስ። ክብደታችንን የሚሸከመው ላሜራው ነው። እሱ ሻንሲው ላይ በወጉ ካላረፈ ምርጥ ስፖንጅና ምርጥ ሌዘር ቢለብስም ገንዘቡ ባከነ። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልብስ የሚመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው። ታገሡኝ።

ለምሳሌ የምይዘው ያማሃ ዲቲ 125ን ነው። ሀዋሳና አካባቢዋ የሚዞሩት አሮጌ ዲቲዎች፣ ኤጂ 100ዎችና ሱዙኪ ቲኤፍ 125ዎች ብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የገቡ ናቸው። ሞተራቸው ገና ነው፣ ወንበራቸው ግን የስንቱን ባለሙያ ክብደት ችሎ አልቋል። የእናንተ ሞተር ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ማውረድና መገልበጥ

በአብዛኞቹ አሮጌ የጃፓን ሞተሮች ላይ ወንበሩ ከፊት በምላስ ይያዛል። ምላሱ ከነዳጅ ታንኩ ጀርባ ያለች የብረት ማቀፊያ ስር ይገባል። ከኋላ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ብሎን አለ። ብሎኑ ባለ 6 ሚሊ ከሆነ በ10 ቁጥር ቁልፍ፣ ባለ 8 ሚሊ ከሆነ በ12 ቁጥር ይፈታል። 13 ቁጥር ከጠየቃችሁ ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ብሎኑን ቀይሮታል ማለት ነውና ቀሪውንም ነገር በጥርጣሬ እዩ።

ብሎኑ ዝጎ እምቢ ካለ ግብ ግብ አትግጠሙ። ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። በጉልበት ከሄዳችሁ ሻንሲው ላይ የተበየደው ዳዶ ይላቀቅና ሥራው ሁለት ይሆናል። ብሎኖቹ ሲወጡ ወንበሩን ከኋላ ብድግ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ይወጣል።

አሁን ገልብጡት። አሮጌ ወንበር ከስሩ ሲታይ አያምርም። ልብሱን የያዙት ጥርሶች ዝገው ተሰባብረዋል፣ ስፖንጁ በጣት ሲነካ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፣ ከላሜራው ላይ የዝገት ቅርፊት ይነሳል። ካቻቪቴ ያዙና ዝገት ያለበትን ሁሉ ወጋ ወጋ አድርጉት። የሚበሳ ከሆነ እዚያ ቦታ ብረት የለም፣ ቀለም ነው የቀረው።

ሦስት ቦታ ረጋ ብላችሁ እዩ፤ ምላሱ የተበየደበት፣ የኋላ ብሎኖቹ ዙሪያ፣ ማረፊያ ጎማዎቹ (ላሜራው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ጎማዎች) የሚቀመጡበት። ላሜራ የሚሰነጠቀው እነዚህ ላይ ነው። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቀጭን ስለሚሆን በቤንዚን ጨርቅ ጥረጉና በብርሃን እዩት።

ማደስ፣ መግዛት ወይስ ማሠራት?

ምላሱና የብሎን ቦታው ደህና ከሆነ፣ መሃሉ ቢበሳም እንኳ የድሮውን ላሜራ አትጣሉት። ለሞተሩ ተለክቶ የወጣው እሱ ነው። የተበሳውን ቦታ ቆርጦ 1.2 ወይም 1.5 ሚሊ ላሜራ መበየድ ከአዲስ ወንበር ጋር ከመታገል ይቀላል።

ላሜራው ካለቀ ሁለት መንገድ አለ፤ ዝግጁ ወንበር ገዝቶ ማስተካከል፣ ወይም ለብየዳ ቤት ሰጥቶ ከባዶ ማሠራት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ፋብሪካ የሠራው ላሜራ ጎንና ጎኑ ታጥፎ፣ መሃሉ ላይ ጉብታ ተደርጎበት የተጠናከረ ነው። ብየዳ ቤት ጠፍጣፋ ላሜራ ሲቆርጥ ያንን ጥንካሬ ለማምጣት ከስሩ ብረት ይደርባል፣ ወንበሩም ይከብዳል። ጣውላ የሚገጥሙም አሉ። ጣውላ በደረቅ ወራት ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ብሎኑም ቦታውን ይለቃል።

ዝግጁ ወንበር ስትገዙ ግን ስም አያታልላችሁ። ያማሃ ዲቲ 125 የሚለውን ስም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለተለያዩ ሞተሮች ሰጥቶታል። ከኋላ ሁለት አሞርዛተር ያለው አለ፣ መሃል ላይ አንድ ያለው አለ፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው ዲቲ 125 አርም አለ። ሁሉም ዲቲ ናቸው። ወንበራቸው ግን አይለዋወጥም።

ልኬት

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሜትር፣ ማርከርና አንድ ትልቅ የፓስታ ካርቶን ይዛችሁ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ርዝመቱን ለኩ፤ ከታንኩ ጀርባ እስከ ኋላ መብራቱ። ከዚያ ወንበሩን የሚሸከሙት የሻንሲው ሁለት ቧንቧዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ሦስት ቦታ ላይ ለኩ፤ ፊት፣ መሃልና ኋላ። አንድ ቦታ ለክቶ መተው የተለመደ ነው፣ ቧንቧዎቹ ግን ከፊት እስከ ኋላ እኩል ላይራራቁ ይችላሉ። ቀጥሎ ምላሱ የሚገባበት ማቀፊያ ስፋቱና ከቧንቧዎቹ በላይ ወይም በታች ያለው ከፍታ። ከዚያ ከማቀፊያው እስከ ኋላ ብሎኖች ያለው ርቀት፣ መጨረሻም ከብሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ብሎን ቀዳዳ መሃል።

ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ሻንሲው ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ አይደለምና። ካርቶኑን በቧንቧው ጎን አቁማችሁ የቧንቧውን መስመር በማርከር ተከተሉ፣ ቁረጡት። ይህ የጎን ቅርጹ ነው። ሌላ ካርቶን ከላይ አስተኝታችሁ የላዩን ቅርጽ አውጡ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንም ብሱ። በሁለቱም ላይ «ፊት» እና «ቀኝ» ብላችሁ ጻፉ። አለበለዚያ ገበያ ላይ ገልብጣችሁ ትይዙታላችሁ።

ሻጩ «ይገጥማል፣ እኔ ልሙት» ይላል። ይበል። እናንተ ወንበሩን ገልብጣችሁ ካርቶኑን ከስር አስቀምጡ። ማወቅ ያለባችሁ የትኛው ልዩነት ይስተካከላል፣ የትኛው አይስተካከልም የሚለውን ነው። ምላሱ ቦታውን ቢስት ችግር የለም፤ ተቆርጦ ይበየዳል። የብሎን ቀዳዳው ሁለት ሦስት ሳንቲም ቢርቅም መላ አለው። ወንበሩ ቢረዝም ይቆረጣል፣ ከሻንሲው ቢሰፋም ይቻላል። ላሜራው ከቧንቧዎቹ ከጠበበ ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ተዉት። የሚያርፍበት ቦታ የለውም። የጎን ቅርጹ በጣም ከተለየም እንደዚሁ፤ ተቀጥቅጦ እንዲቃና የተደረገ ላሜራ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ማረፊያ፣ ምላስ፣ ብሎን፤ በዚህ ቅደም ተከተል

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ብታሳልፉት እንኳ ይህን አታሳልፉ።

ከላሜራው ስር የተሰኩትን ትንንሽ ጎማዎች ብዙ ሰው ድምፅ ማጥፊያ አድርጎ ያያቸዋል። ሥራቸው ግን የእናንተን ክብደት ወደ ሻንሲው ማውረድ ነው። ከጎማዎቹ አንዱ ቧንቧው ላይ ካልደረሰ፣ እሱ መሸከም የነበረበት ክብደት ወደ ምላሱና ወደ ብሎኖቹ ይሄዳል። ምላስም ብሎንም ለዚያ አልተሠሩም። የተሰነጠቀ ላሜራ ባያችሁ ቁጥር ጎማዎቹን ፈልጉ፤ ወይ ወድቀዋል ወይ አልቀዋል።

አዲስ ጎማ ለመሥራት በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሂዱና የመኪና ጎማ ቁራጭ ጠይቁ። ሽቦ የሌለበትን ምረጡ። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ውፍረት ያለው ይበቃል። አጭር ወንበር አራት፣ ረጅም ወንበር ስድስት ይፈልጋል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ረጅም ከሆነ ሁለት ከመሃል። ልክ ከቧንቧው በላይ ይዋሉ። ለጊዜው በማስቲሽ ለጥፏቸው፤ ቦታቸው ከተረጋገጠ በኋላ በትንሽ ብሎን ይያዛሉ። የብሎኑ ራስ ጎማው ውስጥ መስመጥ አለበት፣ ካልሆነ ቧንቧውን ይፍቀዋል።

አሁን ጠመኔ አምጡ። ጎማዎቹ የሚያርፉባቸውን ቦታዎች ቧንቧው ላይ በጠመኔ በደንብ ቀቡ። ላሜራውን ያለ ስፖንጅ፣ ያለ ልብስ አስቀምጡና አንድ ሰው ይቀመጥበት፤ ከስሩ ጨርቅ ያድርግ፣ ባዶ ላሜራ ላይ መቀመጥ አያስደስትም። ይነሳ። ላሜራውን አንሱና የጎማዎቹን ገጽ እዩ። ጠመኔ የነካው ጎማ ይሸከማል። ንጹሕ የሆነው አይሸከምም። ከንጹሑ ስር ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀጭን ቁራጭ ደርቡና እንደገና ሞክሩ። ሁሉም ጎማ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ወንበር ልብስ ሰፊውም በያጁም ይህን አያደርጉላችሁም፤ ሞተሩ የእናንተ እንጂ የእነሱ አይደለም።

ጎማዎቹ ካረፉ በኋላ ወደ ምላሱ እንሂድ። የምላሱ ሥራ ወንበሩ ወደ ላይና ወደ ጎን እንዳይሄድ መያዝ ነው። ስለዚህ ማቀፊያው ውስጥ አንድ ሁለት ሚሊ ክፍተት ኖሮት መግባት አለበት። ክፍተቱን ከውስጥ ጎማ በተቆረጠ ጥቅል ሙሉት፤ ቋ ቋታው በዚያው ይጠፋል። ምላሱን ከ3 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት ሥሩት። በቀጥታ በቀጭኑ ላሜራ ጠርዝ ላይ ግን አይበየድ። መጀመሪያ የመዳፍ ያህል ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ይደረብ፣ ምላሱ እሱ ላይ ይበየድ። ጫናው ይሰራጫል።

በያጁ «ምላሱን ከማስተካከል ማቀፊያዋን ብንቆርጣት ይቀለናል» ቢላችሁ «አይሆንም ወንድሜ» በሉት። የሚስተካከለው ወንበሩ ነው፣ ሻንሲው አይነካም። ከኋላ ያሉት ቧንቧዎች ግድግዳቸው ቀጭን ነው፤ ብየዳ የነካቸው ቦታ ይደክማል። ደግሞም ነገ ትክክለኛው ወንበር ቢገኝ የሚገባበት ይጠፋል።

ብሎኖቹ መጨረሻ ናቸው። ከላሜራው ላይ 4 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት በማዕዘን ታጥፎ ይወርድና የሻንሲው ቀዳዳ ጋ ይደርሳል። የብረቱን ቀዳዳ ክብ አታድርጉት፤ በርዝመቱ ሦስት አራት ሚሊ ሞላላ ይሁን። ወንበሩ አርፎ፣ ምላሱ ገብቶ፣ ብሎኑ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ። ብሎኑ በአጭር ቁልፍ በእጅ ልክ ይጥበቅ። ለብቻው የሚገባ ዳዶ ካለው ናይለን ያለበትን ግዙ፣ በንዝረት አይላላም። ልኩ ያልሆነ ብሎን «በግድ ይገባል» ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ ጥርሱ ከተበላ የሻንሲው ዳዶ አበቃለት። በሽቦ ማሰርስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለ ብየዳው ሁለት ቃል። ልኩን ሞተሩ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ፣ ብየዳው ግን ወንበሩ ወርዶ ሌላ ቦታ ይሁን። ግድ ሆኖ ሞተሩ ላይ ነጥብ መያዝ ካስፈለገ የነዳጅ ታንኩ ወርዶ ራቅ ይበል፣ የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ የሲዲአይው (ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ የሚያደርገው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ሶኬት ይነቀል፣ የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ብረት ጋር ይያያዝ። ታንኩ ባዶ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። የሚፈነዳው የቤንዚኑ ተን ነው፣ ተን ደግሞ ባዶ ታንክ ውስጥ ይበዛል። ስፖንጅም ከላሜራው ላይ ሳይነሳ አይበየድ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ብየዳው ሲቀዘቅዝ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፣ ከላይም ከታችም ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ዝቅ ባሉት ቦታዎች ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ የሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ብሱ። ውሃ መግባቱ አይቀርም፣ የሚወጣበት ይኑረው።

ከወንበሩ ስር ያሉ ጎረቤቶች

ወንበሩ ስር ባትሪ አለ፣ ገመድ አለ፣ የአየር ማጣሪያ ሳጥን አለ፣ በቱ ስትሮኮቹ (ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚያቃጥሉት ሞተሮች) ላይ በዚያው አካባቢ የዘይት ማጠራቀሚያም አለ። አዲሱ ላሜራ ከድሮው በአንድ ሳንቲም እንኳ ዝቅ ካለ ከአንዳቸው ጋር ይጋጫል።

ሲቀመጡበት ምን ያህል ክፍተት እንደሚቀር በዓይን አይታይም። ጠንከር ያለ ሊጥ ድቡልቡል አድርጋችሁ በፌስታል ጠቅልሉ፤ አንዱን ባትሪው ላይ፣ አንዱን የአየር ሳጥኑ ላይ አድርጉ። ወንበሩን ግጠሙ፣ ሁለት ሰው ይቀመጥበት፣ ከዚያ አንሱት። የሊጡ ውፍረት ያለው ክፍተት ነው። ከ10 ሚሊ በታች ከሆነ አልወደውም። በተለይ ባትሪው ላይ። የባትሪው ፖዘቲቭ ላሜራውን ከነካ እሳት ነው፣ ስፖንጁም በቀላሉ ይያያዛል። ክፍተቱ በቂ ቢሆንም ፖዘቲቩን በጎማ ሸፍኑት።

የኋላ መብራቱ ገመድ በላሜራውና በቧንቧው መካከል አይለፍ። የሚያልፍበትን ቦታ በገመድ ማሰሪያ ያዙት።

የአየር ሳጥኑ አየር የሚስበው ብዙውን ጊዜ ከወንበሩ ስር ካለ ክፍተት ነው። ያንን አፍ ላሜራ ወይም የተንጠለጠለ ልብስ ከዘጋው ሞተሩ አየር ያጥረዋል፣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጥነት ላይ ጉልበት ያጣል። ሰው ካርቡሬተር ሲያስፈታ ይከርማል፣ ጥፋተኛው ግን ወንበሩ ነው። የዘይቱ ክዳንም ወንበሩ ሳይፈታ ይከፈት እንደነበረ አሁንም ይከፈት።

ከታንኩ ጋር አምስት ሚሊ ያህል ክፍተት ተዉ። ስፖንጁ ለስለስ ብሎ ቢነካው ችግር የለውም፣ ላሜራው ግን ፈጽሞ አይንካው።

የኋላ ጎማውስ? ዲቲን የመሰለ ሞተር ጎማው ብዙ ወደ ላይ ይወጣል። ከስር የወጣ የብሎን ጫፍ ጉድጓድ ስትገቡ ጎማውን ይቀደዋል። የብሎኖቹን ጫፍ በጠመኔ ቀቡ፣ ሁለት ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ዘለል ዘለል ይበል፣ ከዚያ ጎማው ላይና ፓራፋንጎው ውስጥ ነጭ ፈልጉ። የሚያሰጋ ካለ ብሎኑን ገልብጡት፤ ክቡ ራስ ወደ ጎማው፣ ዳዶው ወደ ላይ።

ስፖንጅ

ፍራሽ ቤት ገብታችሁ የሚመቸውን በእጅ ተጭናችሁ አትምረጡ። በእጅ የሚመቸው ስፖንጅ መቀመጫ ላይ ወዲያው ይተኛል፣ ቂጣችን ላሜራውን ያገኛል። የሞተር ወንበር ከፍራሽ የጠነከረ ነገር ይፈልጋል። ከቁርጥራጭ ተጨምቆ የሚሠራው፣ ቀለሙ ዝንጉርጉር የሆነው ስፖንጅ ከስር ጥሩ ነው። ከላዩ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ለስላሳ ይደረባል። አራት ጣታችሁን አጥፋችሁ በክብደታችሁ ስትጫኑት የጣታችሁ አንጓ ላሜራውን ካገኘ ውድቅ ነው።

ከፍታውን ቀድማችሁ ወስኑ። ስፖንጁን ሳትለጥፉ ላሜራው ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ሁለት እግራችሁ መሬት ይንካ፣ ቢያንስ ግማሽ እግራችሁ። ሁለት ሳንቲም መጨመር ወይም መቀነስ ትንሽ ይመስላል፤ የትራፊክ መብራት ላይ ከኋላ ሰው ጭናችሁ ስትቆሙ ይገባችኋል። ቁመታችሁ አጭር ከሆነ ስፖንጁን ከማሳጠር ይልቅ ከታንኩ አጠገብ ያለውን ጎንና ጎኑን አጥብቡት። እግር የሚከፈተው እዚያ ነው፣ ስፋቱ ሲቀንስ እግር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስፖንጁም ወፍራም ሆኖ ይቀርላችኋል።

ወንበሩ ወደ ፊት አያዘቅዝቅ። ከተዘቀዘቀ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ወደ ታንኩ ትንሸራተታላችሁ፣ በእጃችሁም ራሳችሁን ስትገፉ ትውላላችሁ። የምትቀመጡበት ቦታ ደልዳላ ሆኖ ከኋላው ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነው።

ለመቁረጥ ረጅምና ቀጭን የተሳለ ቢላ፣ ወይም የሴጌቶ ምላጭ ይሆናል። ቢላውን አትጫኑት፣ ሳብ ሳብ አድርጉት። የመጨረሻውን ቅርጽ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አውጡ። ማስቲሽ ሁለቱንም ገጽ ይቀባል፣ በእጅ ሲነካ እስከማይለጠፍ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይገጠማል። አንዴ ከያዘ አይነሳምና ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ አሳርፉት። ማስቲሽ ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ቢላ ወይም ብርጭቆ ወረቀት የሚያልፍበት መስመር ላይ አታድርጉ። ክፍት ቦታ ላይ ሥሩ፣ ሽታው ራስ ያዞራል።

ልብሱ ከመምጣቱ በፊት አሮጌ አንሶላ ጠቅልላችሁበት ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱ። ከስሩ የሚቆረቁራችሁ ነገር ካለ አሁን ይታወቃል፣ አሁንም በነጻ ይስተካከላል።

ልብስ

የወንበር ልብስ ሰፊው ሥራውን ያውቃል፤ ነገር ግን ጥቂት ነገር ጠይቁት።

ሌዘሩ ጀርባው ጨርቅ ያለውና የሚሳብ ይሁን። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፣ የጥጥ ክር ፀሐይና ዝናብ ላይ ዕድሜ የለውም። ስፌቱ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አይዋል፤ በላዩ ጠርዝ ወይም በጎን ይሂድ። የውሃ መግቢያ ቀዳዳ ማለት ስፌት ነው። ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ማስቲሽ ይቀባ፣ በስፖንጁና በልብሱ መካከልም ቀጭን ላስቲክ ይግባ። ላስቲኩ ግን ከስር ሙሉ በሙሉ አይዘጋ፤ ውሃው ስፖንጁ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ጥቁር ያምራል። የሀዋሳ ፀሐይ ስር ሁለት ሰዓት የቆመ ጥቁር ወንበር ላይ በቀጭን ሱሪ የተቀመጠ ሰው ግን ምርጫውን ያስብበታል። ግራጫ ወይም ቡናማ እመርጣለሁ።

ራሳችሁ የምታለብሱት ከሆነ ሌዘሩን ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ በደንብ ይሳባል። መጀመሪያ የፊት መሃል፣ ከዚያ የኋላ መሃል፣ ቀጥሎ የግራና የቀኝ መሃል ይያዝ። ከዚያ ከየመሃሉ ወደ ማዕዘን እየሳባችሁ ሂዱ። ማዕዘኑ የመጨረሻ ነው፤ ትርፉ በትንንሽ እጥፋት ይከፋፈል። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሌላው የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ የሚሰበሰብ መጨማደድ ያገኛል።

ላሜራው ፕላስቲክ ከሆነ በስቴፕለር ይያዛል፤ ባለ 6 ሚሊው ይበቃል፣ የረዘመው በስቶ ወደ ስፖንጁ ይገባል። ብረት ከሆነና የድሮዎቹ ጥርሶች ካለቁ፣ ጠርዙን በማስቲሽ አጣብቃችሁ በላዩ ቀጭን የላሜራ ቁራጭ አድርጋችሁ በሪቬት ያዙት። ማስቲሽ ብቻውን ሙቀት ሲመጣ ይለቃል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ልብሱ እንዳይሸፍናቸው ተመልከቱ።

ከኋላ ሰው የሚጫን ከሆነ

ኤጂ 100 ሲመጣ የአንድ ሰው ወንበርና የእቃ መጫኛ ያለው ሞተር ነው። ረጅም ወንበር ገጥሞ ሰው መጫን የሚያምረው ብዙ ነው። ወንበሩ ቢገጥምም የኋላ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ያስፈልገዋል፤ ማርሚታው ላይ እግሩን ካደረገ ጫማው ይቀልጣል። ሊብሬው ስለ ጭነቱ የሚለውንም አይታችሁ ወስኑ። በረጅም ወንበር ላይ የሚያዝ ቀበቶ ካደረጋችሁ ቀበቶው ከላሜራው ጋር በብሎን ይያዝ፣ ከልብሱ ጋር ብቻ የተሰፋ ቀበቶ ጌጥ ነው።

መንገድ ላይ

ከጥቁር ውሃ ወደ ሀዋሳ ከተማ የሚገባው አስፋልት ወንበርን አይፈትንም። ሰፈር ውስጥ ያለ ኮብልስቶን ፈልጉ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ሂዱና ጆሯችሁን ስጡት። ከፊት የሚመጣ ቋ ቋታ የምላሱ ነው፤ ጥቅሉን አወፍሩት። ከኋላ ከሆነ የብሎኑ ወይም የኋላዎቹ ማረፊያ ጎማዎች ነው። በፍሬን ጊዜ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ላሜራው ወደ ፊት እየሄደ መሆኑን ይናገራል፣ ከታንኩ ጋር ያለውን ክፍተት እዩ።

ከዚያ ወደ ወንዶ ገነት ወይም ወደ ይርጋለም ደርሳችሁ ተመለሱ። አጭር መንገድ ላይ ሁሉም ወንበር ይመቻል። ስትመለሱ ወንበሩን አውርዱና ቀለሙ የተፋቀበትን ቦታ ፈልጉ። ብረት ከብረት የነካካበት ቦታ ሁሉ ያብለጨልጫል፤ እዚያ ጎማ ጨምሩ።

ከሳምንት በኋላ ብሎኖቹን አንዴ አጥብቁ። አዲስ የማረፊያ ጎማ መጀመሪያ ላይ ይጨመቃልና በወሩ ጠመኔውን እንደገና አውጡ። አንዱ ጎማ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ከስሩ ቀጭን ቁራጭ ደርቡለት፣ ብሎኑን መልሱ።